ከቁርጥራጭ ብረት መሀል ጨረር አመንጪ ዕቃ ቢገኝ ሰው እንዳይደርስበት እንዴት እንደሚደረግ

ቃሊቲና አቃቂ አካባቢ ባሉ የብረታ ብረት ግቢዎች ከቆራሌው ጆንያ የማይወጣ ነገር የለም። ከሆስፒታል ወይም ከብየዳ ፍተሻ ሥራ የወጣ ጨረር አመንጪ ዕቃም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

1. መጠርጠር። ሚዛን ላይ ያለው ሰው ቀድሞ ያውቀዋል፦ ዕቃው ትንሽ ሆኖ አልነሳ ካለ ውስጡ ጨረር የሚያግድ እርሳስ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ በቢጫ መደብ ላይ ያለ ባለ ሦስት ክንፍ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሌላው ምልክት ቀይ ሆኖ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለበት። ዝገት ስለሚያጠፋው ምልክት አለመታየቱ አያዘናጋችሁ።

2. አለመክፈት። ዋናው ይህ ነው። የኑክሌር ማመንጫ ባላቸው አገሮች ያገለገለ ነዳጅ በጥልቅ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌሎች ጨረራማ ቁርጥራጮችም እዚያው በገመድ ተንጠልጥለው ይቆያሉ። ጋሻው ውሃው ነው። ገመዱን ሳያውቅ ወደ ላይ የሳበ ሰው ራሱንም አጠገቡ ያሉትንም ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያለ ጨረር ባለሙያ ፈቃድ አይነካም። እናንተ ግቢ ውስጥ የውሃውን ቦታ የያዘው ያ ከባድ ሽፋን ነው፤ ግራይንደርም ኦክስጅንም አታስነኩት። በብራዚል ጎያኒያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1987 ከተተወ ክሊኒክ የወጣ፣ ሴሲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዘ ዕቃ ተፈልቅቆ ለብረት ነጋዴ ተሸጠ። ውስጡ የነበረው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ስለነበር ዘመድ ጎረቤቱ ተከፋፈለው፤ አራት ሰዎች ሞቱ።

ሽፋን የሌለው ትንሽ የሚያብረቀርቅ ብረት ቢወድቅም አታንሱት። እ.ኤ.አ. በ1999 ፔሩ ውስጥ አንድ በያጅ ኢሪዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ብረት አንስቶ ኪሱ ከትቶ እግሩን አጥቷል።

3. መራቅና መከለል። ከአንድ ሜትር ወደ አሥር ሜትር ብትርቁ የሚደርስባችሁ ጨረር ወደ መቶኛ ይወርዳል። ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ዙሪያውን በገመድ ከልሉ፤ በሩን ቆልፉና ቁልፉን አንድ ሰው ይያዝ። ጥበቃውም ከገመዱ ውጭ ይቁም። «እስቲ ልየው» ባይ አይጠፋም፣ በተለይ የሰፈር ልጅ።

4. መደወል። ለፖሊስ 991፣ ለእሳት አደጋ 939 ደውሉና «ጨረር ሊሆን ይችላል» በሉ፤ የጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባለሙያ እንዲመጣም ጠይቁ። ዕቃውን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በጎያኒያ የነጋዴው ሚስት ቅሪቱን በከረጢት አስይዛ ጤና ቢሮ የደረሰችው በአውቶቡስ ነበር።

5. የነኩትን መመዝገብ። ያወረደው፣ የመዘነው፣ ያመጣው ቆራሌ ስምና ስልካቸው ይጻፍ። እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ እስኪመረመሩ አይብሉ፣ አያጭሱ። የለበሱት ልብስ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ለባለሙያው ይቆይ። ማስመለስ ወይም የእጅ መቅላት ከታየ ሐኪሙ ጨረር መጠርጠሩን ይወቅ፤ ካልተነገረው ተራ ቃጠሎ ሊመስለው ይችላል።