አንዱ ልጅ ሲሊያክ ከተባለ በኋላ እህት ወንድሞቹን ስታስመረምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የልጆች ክሊኒክ ነርስ ነኝ፣ አሜሪካ፣ ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ይመጣል፣ እና እባካችሁ ይቺን ስሙኝ፦ ሲሊያክ ማለት ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ ነው፣ ግን ሌሎቹ ልጆች ሳይመረመሩ ስንዴና ገብስ ከቤት አታስወጡ!! የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ምክንያት የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው፣ ልጁ ግሉተን ካቆመ አንቲቦዲው እየወረደ ይሄድና በሽታው እያለ ኔጌቲቭ ይወጣል። አንዲት እናት ትልቋ ልጇ ሲሊያክ እንደተባለች ዳቦውን፣ ፓስታውን፣ ቂንጬውን፣ ከሀገር ቤት የተላከላትን በሶ ሳይቀር ለጎረቤት አደለችው። ከወራት በኋላ ትንሹን አመጣችው፣ ኔጌቲቭ፣ እልል አለች። ካርዱን ሳየው ግን ቁመቱ ቆሟል፣ አይረኑም ወርዷል። ከዛ መልሳ ስንዴ እንድታበላው ተነገራት፣ በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት። ልጁ ሆዴን እያለ ያለቅሳል እሷም እያለቀሰች ታጎርሰዋለች። ፖዘቲቭ ወጣ። ትልቋ የታወቀች ጊዜ ደሙ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ እንደዛ ባልተሰቃየ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

"እሱማ ጤነኛ ነው፣ ይሮጣል ይጫወታል" ብሎ መተውም አለ። ከእህት ወንድም በግምት ከ10 አንዱ ይገኝበታል፣ ብዙዎቹ ተቅማጥም ሆድ መነፋትም የላቸውም፣ ደም ማነስ ብቻ፣ ወይ የጥርስ ችግር፣ ወይ ጭራሽ ምንም። ወላጆችም ተመርመሩ፣ አባቶችም ጭምር!

ቲቲጂ አይጂኤ (ዋናው የሲሊያክ የደም ምርመራ) ሲታዘዝ ጠቅላላ አይጂኤም (አይጂኤ አንዱ የአንቲቦዲ ዓይነት ነው) አብሮ ይታዘዝ፣ አይጂኤ በተፈጥሮ የሚያንሰው ልጅ ላይ የመጀመሪያው ብቻውን ያሳስታል። ሐኪሙን ጠይቁት፣ ድፍረት አይደለም።

"እኛ ቤት ጤፍ ነው" የምትሉ ደግሞ፣ ጤፍ ግሉተን የለውም እውነት ነው፣ ግን እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይ ገብስ አለበት፣ ሲሊያክ ላለበት ልጅ ጋጋሪዋን ሳትጠይቁ አትግዙ። ንጹህ ጤፍና ሩዝ ብቻ የሚበላ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ከምርመራው በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፣ ግሉተን ካልበላ ውጤቱ አይታመንም።

አንዴ ኔጌቲቭ ወጣ ማለት ለዘላለም ኔጌቲቭ ማለት አይደለም። በኋላም ሊነሳ ስለሚችል ብዙ ሐኪሞች በየ2 በየ3 ዓመቱ ይደግሙታል፣ ምልክት ከታየ ከዛም በፊት። የጂን ምርመራ ላይ ከሲሊያክ ጋር የተያያዙት ጂኖች፣ ዲኪው 2ም ዲኪው 8ም፣ ከሌሉት ግን በሽታው ይይዘዋል ማለት ዘበት ነው፣ መደጋገሙ ይቀርለታል። ጂኑ አለ ከተባለ አትደንግጡ፣ ጂኑ ኖሯቸው በሽታው የማይነካቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ፖዘቲቭ ከወጣም የአንጀት ስፔሻሊስቱ ሳያየው ምግቡን አትቀይሩ፣ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ አንጀቱን ማየት) ሊያስፈልግ ይችላል፣ እሱም ግሉተን እየበላ ነው የሚሠራው። ቀጠሮው ከራቀ ደውላችሁ ሰው ሲሰርዝ ጥሩን በሉ፣ ይጠራሉ።