ጎበጠ፣ ላላ፣ ዘመመ፦ የክር ማንዳላ ችግርና መፍትሄ

የክር ማንዳላ ማለት ሁለት እንጨት አመሳቅሎ ባለ ቀለም ክር መጠምጠም ነው፤ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሜክሲኮ ውስጥ ዊሃሪካ ወይም ሁይቾል የሚባሉት ሕዝቦች የኖረ ሥራቸው ነው፤ በስፓኒሽ «ኦሆ ዴ ዲዮስ»፣ የእግዚአብሔር ዓይን ይባላል። እዚህ ጅማ ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ ዝናቡ ቤት ላጎራቸው ልጆች ጥሩ ሥራ ነው። ክሩ ከገበያ ይገኛል፣ እንጨቱ ከጓሮ።

ከዚያ ግን ቅሬታው ይጀምራል። በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል፦ «ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?» የእኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ ገልብጡትና የጀርባውን ፎቶ ላኩልኝ። ፊቱ ቀለም ብቻ ነው። ክሩ የት እንደተደራረበ፣ የት እንደዘለለ፣ የት ላይ ከልክ በላይ እንደተወጠረ የሚናገረው ጀርባው ነው።

ነገሩ እንዳይምታታብን አሠራሩን በአጭሩ ላስታውስ። ክሩ በአንዱ ክንድ ላይ በፊት በኩል ያልፋል፣ ከኋላ ዞሮ ይመለሳል፣ ወደሚቀጥለው ክንድ ይሄዳል። አራቱን ክንድ ሲጨርስ አንድ ዙር ሆነ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ችግር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ እንቅስቃሴ፣ ከእንጨቱ ወይም ከክሩ ነው።

መስቀሉ እንደ መቀስ ይከፈታል፣ ይዘጋል

ሁለት ድቡልቡል እንጨቶች ሲመሳቀሉ የሚነካኩት አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ክር ብታበዙበትም ያቺ ነጥብ ላይ ይሽከረከራሉ። መፍትሄው ክር መጨመር ሳይሆን ቢላ ማንሳት ነው። ሁለቱንም እንጨት መሃላቸው ላይ በትንሹ ጥረቡና ጠፍጣፋው ከጠፍጣፋው ይግጠም። ከዚያ አራት ጊዜ በአንዱ ሰያፍ፣ አራት ጊዜ በሌላው ሰያፍ እሰሩት። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ዙር በሁለቱ እንጨቶች መካከል አሾልካችሁ እስሩን ራሱን አጥብቁት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን የመጨረሻዋን ነው።

ስትሠሩት ጠንካራ የነበረው ከሳምንታት በኋላ ከላላ ግን ጥፋቱ የእርጥብ እንጨት ነው። እኛ ጋ ደግሞ የእርጥብ እንጨት ፈተና አለ። ቡና ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ጉንደላ ሲጀመር ቀጥ ቀጥ ያሉ ቅርንጫፎች በየጓሮው ይከመራሉ፤ እያዩ ማለፍ ይከብዳል። እንጨት ሲደርቅ ይከሳል፣ ክሩ ግን አብሮት አይከሳም። ስለዚህ ልጣጩን ላጡና ለሳምንታት ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተዉት። በክረምት በራሱ ይደርቃል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ከምድጃ በላይ ቆጥ ካለ እዚያ ስቀሉት። መድረቁን ለማወቅ ትርፍ ቁራጭ ስበሩ። «ቀጭ» ብሎ ለሁለት ከተከፈለ ደርቋል። ተጣጥፎ በቃጫው ከተንጠለጠለ ገና ነው።

ትዕግሥት ለሌለው ሰው አናጺ ቤት አለ። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ናትና ቀጫጭን ትራፊ ጣውላ አይጠፋም። የደረቀ ነው፣ አራት ጠርዝም አለው። ጠርዙ ክሩን ቆንጥጦ ስለሚይዝ እኔ ከድቡልቡሉ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ውበቱ ቢቀንስም።

ዓይኑ ዘመመ

ማስመሪያ አምጡ። ከመሃል እስከ መጨረሻው ክር ድረስ አራቱንም ክንድ ለኩ። ሦስቱ 3 ሳንቲ ሜትር ሆነው አንዱ 3.5 ከሆነ እሱ ነው ተጠያቂው። ብዙውን ጊዜ ይህ ክንድ ቀለም የምትቀይሩበት ነው። እያንዳንዱ ቅያሬ አንድ ትርፍ ጥምጥም ይጨምራል፣ አምስት ቀለም ላይ ሲደርስ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ቅያሬውን በየክንዱ አዟዙሩት። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አጠር ባሉት ክንዶች ላይ ክሩን አንድ ጊዜ ተጨማሪ አዙሩ፤ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን መፍታት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። አራቱም እኩል ሆነው ከዘመመ ደግሞ መስቀሉ ራሱ ተዛብቷል። የደብተር ጥግ መሃሉ ላይ አስጠግታችሁ አረጋግጡ።

እንጨቱ ጎበጠ፣ ሥራው ሳህን ሆነ

በብዛት የሚመጣልኝ ቅሬታ ይሄ ነው። መነሻው ደግሞ «ጠበቅ አድርገህ ጠምጥም» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ለመሃሉ እስር ትክክል ነው። ለዙሩ ግን ስህተት ነው።

ገበያ ላይ የሚሸጠው የሹራብ ክር በአብዛኛው አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ ይለጠጣል። ወጥራችሁ ስትጠመጥሙት ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ ይፈልጋል። አንድ ዙር ብቻውን ምንም አያደርግም፣ ሰላሳ ዙር ሲደመር ግን ቀጭን እንጨት አይችለውም። ወደ ፊት የሚጎብጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ክሩ ያለው በእንጨቱ ፊት በኩል ስለሆነ ጫፎቹን ወደ ፊት ይጎትታል።

ልኩን በጣት ማወቅ ይቻላል። በሁለት ክንድ መካከል ያለውን ክር ጫን በሉት። ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ሲለቁት ከተመለሰ ልክ ነው። እንደ ክራር ከጮኸ በጣም ተወጥሯል፤ ጎድጉዶ ከቀረ ላልቷል። እንጨቱም ለርዝመቱ ይመጥን። ለ25 ሳንቲ ሜትር ቢያንስ የእርሳስ ውፍረት ያስፈልጋል። የጥብስ መውጊያ እንጨት ለትንንሽ ሥራ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

አሮጌ ሹራብ ተርትራችሁ የምትሠሩ፣ እናንተን ለብቻ ላናግራችሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ወጪ የለውም፣ ቀለሙም ብዙ ነው። ግን የተተረተረ ክር እጥፋቱን ይዞ ይወጣል፤ እጥፋቱን በጉልበት አቃንታችሁ ከጠመጠማችሁት በኋላ ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። ማታ ቀጥ ያለው ጠዋት ጎብጦ የሚገኘው በዚህ ነው። መጀመሪያ ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ ዘርጉት፣ እንዳይወሳሰብ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ሲሰቅሉት ታች ላይ ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥሉበት። በደንብ ሲደርቅ ወደ ልቃቂት ጠምጥሙት፣ ግን አትወጥሩት።

ጎብጦ ካለቀስ? ጫፉ ላይ ቦታ ከተረፈ ጥሩ መድኃኒት አለው። ሥራውን ገልብጡና ጀርባውን እንደ ፊት ቆጥራችሁ ጥቂት ዙር ጠምጥሙ። አሁን ክሩ ወደ ኋላ ይስባል፣ ሁለቱ ጉልበቶች ይመጣጠናሉ። ፊት ለፊት ሲታይም ጠርዙ ላይ እንደ ክፈፍ ያምራል። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር አስቀሩ የምለው። ቦታ ካልተረፈና ክሩ አክሪሊክ ከሆነ፣ ከሚፈላ ውሃ ራቅ አድርጋችሁ እንፋሎት ብቻ አስነኩት፤ ሙቀቱ ያላላዋል። ካውያ እንዳታስነኩት፣ ይቀልጣል። እንፋሎቱም ቢሆን ከበዛ ክሩን ልፍስፍስ አድርጎ ያስቀረዋል፣ መመለሻም የለውም።

በተቃራኒው፣ ክሩ ላላ

እንጨቱ ደረቅ ከነበረ ጥያቄው ክሩ ምንድነው የሚለው ነው። የጥጥ ፈትል መልኩ ያምራል፣ ግን እንደ ሱፍ አይለጠጥም። አንዴ ከላላ ላላ ነው። በፈትል ስትሠሩ በየጥቂቱ ዙር ጀርባውን እያያችሁ ሂዱ፣ ልጅ እያገዘ ከሆነ ደግሞ ልቃቂቱን አዋቂ ይያዝ።

እንጨቱ በመሃል ብቅ አለ

እስከ አንድ ቦታ ድረስ ክንዱ በክር ተሸፍኖ ይመጣና ከዚያ ራቁቱን ይታያል። ወይ ሥራው አርፎ ሲነሳ በጀርባው ተይዟል፣ ወይ ክሩ በላይ ማለፍ ሲገባው በታች አልፏል። ስህተት ነው ብሎ መፍታት ግዴታ አይደለም። በዚያው አኳኋን ሁለት ሦስት ሙሉ ዙር ቀጥሉና ተመለሱ፤ ታስቦበት የተሠራ ጥልቀት ይሆናል። ግማሽ ዙር ላይ ከተቀየረ ግን አያምርም፣ ፍቱት።

ባለ ስምንት ክንዱ ኮከብ እምቢ አለ

ይህ ኮከብ ሁለት መስቀል ተደራርቦ የሚሠራ ነው፤ እዚህ ጋ ችግሩ የቆጠራ ነው። ክንዶቹን ከጀርባ በእርሳስ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ስጧቸው። ክሩን ከ1 ወደ 3፣ ወደ 5፣ ወደ 7 ከወሰዳችሁት አራት ማዕዘን ይሠራና ወደ 1 ይመለሳል፣ 2፣ 4፣ 6 እና 8ን ጨርሶ አይነካቸውም። ለእነሱ ከ2 ጀምሮ ሌላ ዙር ያስፈልጋል። በየሦስተኛው ከሄዳችሁ ግን 1፣ 4፣ 7፣ 2፣ 5፣ 8፣ 3፣ 6 ብሎ ስምንቱንም አዳርሶ 1 ላይ ይዘጋል። ሹል ጫፍ ያለው ኮከብ የሚወጣው በዚህኛው ነው። ኮከቡ የተበላሸባቸው አብዛኞቹ በየሦስተኛው ጀምረው መሃል ላይ በየሁለተኛው የሄዱ ናቸው። ጮክ ብሎ መቁጠር ያሳፍራል፣ ግን ይሠራል።

መሃሉ ላይ ጉብታ ካወጣ ደግሞ ሁለቱ መስቀሎች ከመጋጠማቸው በፊት ዓይናቸው በጣም አድጓል። በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ዙር ብቻ፣ እኩል አድርጋችሁ ሥሩና አደራርባችሁ እሰሯቸው።

ጥቃቅኖቹ

ክሩ ከጫፍ ከተንሸራተተ እንጨቱ ልሙጥ ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። ቋጠሮ ፊት ለፊት ከወጣ ቅያሬውን በእንጨቱ ጀርባ አድርጉ፣ የተረፈውንም ጫፍ ቀጣዩ ጥምጥም ይሸፍነው። ኮላ ለመጨረሻዋ ቋጠሮ ጠብታ ያህል ይበቃል። በየዙሩ ኮላ የሚቀቡ አሉ፤ ደርቆ ያብለጨልጫል፣ መፍታትም አይቻልም።

ቀይ ወይም ሰማያዊ ክር ነጩን ካጠቆረው ቀለሙ ይለቃል ማለት ነው። ክር ስትገዙ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉት፤ ጨርቁ ከተቀባ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ ወይም ከነጭ አጠገብ አታድርጉት።