ሶፍትዌራችሁ ውስጥ የሚገባውን ኢንተርፕሪተር ስትመርጡ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ለግንባታ ዕቃ ሱቆች የሽያጭ ሶፍትዌር እሠራለሁ። የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ ውሎ አያድርም። አንዱ ባለሱቅ በጅምላ ለገዛ ይቀንሳል፤ ሌላው ማጓጓዣውን ለብቻ ያስከፍላል። ይህን ሁሉ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ብጽፈው፣ ዋጋ በተነካ ቁጥር ፍላሽ ይዞ ሱቅ ለሱቅ መዞር ይመጣል። ስለዚህ የዋጋውን ስሌት ለብቻው በስክሪፕት፣ ማለትም ዋናው ፕሮግራም ሳይነካ በሚለወጥ ትንሽ የኮድ ፋይል እጽፋለሁ፤ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ኢንተርፕሪተር ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል።

የትኛው ይግባ? ብዙ ሰው የለመደውን ቋንቋ ይመርጣል። እኔ አስቀድሜ የማየው ስክሪፕቱ ሲበላሽ የሚሆነውን ነው። ገዢው ገንዘብ ቆጥሮ ቆሟል፤ ፕሮግራሙ መዘጋት የለበትም።

እኔ የምጠቀመው ሉአን ነው። በ1993 ብራዚል፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ የተጀመረ፣ በሲ የተጻፈ ትንሽ ቋንቋ ነው። ላይሰንሱ ኤምአይቲ ስለሆነ የራሳችሁን ኮድ ሳትከፍቱ መሸጥ ትችላላችሁ፤ የላይሰንሱን ጽሑፍ ብቻ አብራችሁ አስቀምጡ። ስክሪፕቱን «ፒኮል» በሚባለው ጥሪ ጥሩት፤ ያኔ ስህተቱ እናንተ እጅ ይገባል። በተራው «ኮል» ከጠራችሁትና ስህተቱን የሚይዝ ከሌለ ግን ፕሮግራሙ እንዳለ ይዘጋል። ማለቂያ የሌለው ሉፕ (ድግግሞሽ) ከገጠማችሁ፣ ትእዛዝ ቆጥሮ የሚያስቆም ሁክ አለው። ሜሞሪውንም በራሳችሁ ፈንክሽን ልትገድቡት ትችላላችሁ። ፋይልና ሲስተም የሚነኩትን የ«አይኦ» እና የ«ኦኤስ» ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) አታስገቡ፤ የዋጋ ስክሪፕት ፋይል የሚከፍትበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ አማርኛውን ፈትኑ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ጣጣው ግን ደረሰኝ ላይ ይወጣል። «ሚስማር» አራት ፊደል ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ሉአ ርዝመቱን ብትጠይቁት 12 ይላችኋል። ስሙ እንዲያጥር አሥረኛው ባይት ላይ ከቆረጣችሁት፣ «ሚስማ» ካለ በኋላ የተሰበረ ምልክት ያትማል። ከሉአ 5.3 ሥሪት ጀምሮ የመጣው የዩቲኤፍ-8 ላይብረሪ በፊደል ይቆጥርላችኋል።

ስክሪፕቱን ጃቫስክሪፕት የለመደ ሌላ ሰው የሚጽፈው ከሆነ ኩዊክጄኤስን እዩት። ፋብሪስ ቤላር በ2019 ያወጣው የጃቫስክሪፕት ኢንተርፕሪተር ነው፤ ላይሰንሱም ኤምአይቲ ነው። «ዋጋ» ብላችሁ በአማርኛ ቫሪያብል (ቁጥሩን የሚይዘውን ስም) መሰየም ትችላላችሁ፤ ሉአ ይህን አይቀበልም። ለሜሞሪም ለሉፕም መገደቢያ አለው። የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ግን 0.1 እና 0.2 ሲደምር ልክ 0.3 አይሰጥም። ብሩን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያዙት። ሉአም ላይ እንዲሁ አድርጉ።

ፓይተንን እወደዋለሁ፤ እዚህ ሥራ ላይ ግን አላስገባውም። ስታንዳርድ ላይብረሪውን ተሸክሞ ይመጣል፤ የማታምኑትን ስክሪፕት አጥሮ ለመያዝም አልተሠራም።

ከመወሰናችሁ በፊት ሦስት መጥፎ ስክሪፕት ጻፉ፦ የማያቆም፣ ሜሞሪ የሚጨርስ፣ የሌለ ዕቃ የሚጠራ። ሱቅ ውስጥ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስኪዷቸው። የተረፈውን ኢንተርፕሪተር ምንጭ ኮድ ከነሥሪት ቁጥሩ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሉአ 5.1 እና 5.4 በብዙ ነገር አይገጥሙም።