ከአባይ በረሃ ወጥተው የሚመጡ ብስክሌተኞችን ስንቀበል ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ለበጎ አድራጎት ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዙ ብስክሌተኞች ጎሃ ጽዮን ላይ ደጋውን ተሰናብተው ወደ አባይ በረሃ ይወርዳሉ፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላም ደጀን እስኪደርሱ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋሉ። ከወንዙ ዳር እስከ አፋፉ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ታች በሙቀት የተቃጠለ ሰው ላይ ሲደርስ የደጋ ነፋስ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከደጀን ጀምሮ በዚህ መንገድ ዳር ያሉ ከተሞች የሚያስተናግዱት እንግዳ በመኪና ከሚመጣው እንግዳ ፈጽሞ የተለየ ነው። በአቀባበል ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ቅን ልብና ትልቅ ወጪ የታከለባቸው ዝግጅቶች በተመሳሳይ ስህተቶች ሲበላሹ ደጋግሜ ስላየሁ፣ አዲስ ለሚቋቋሙ ኮሚቴዎች ይህን መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

ብዙ ዝግጅት ገና ከጅምሩ የሚበላሸው በሰዓት ነው። ከውጭ አገር አስተባባሪዎች የሚላከው መርሐ ግብር ሰዓቱን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ተነሥቶ ሲሆን፣ እኛ ደግሞ ከንጋትና ከምሽት እንነሣለን። «2 ሰዓት ላይ ይገባሉ» የሚል ወረቀት የደረሰው አንድ ኮሚቴ ተማሪዎችን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በአስፋልቱ ዳር አሰለፈ፤ ብስክሌተኞቹ ግን መግባት የጀመሩት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ሕፃናቱ በፀሐይና በውኃ ጥም ተጎድተው ወደየቤታቸው ተበትነዋል። ማንኛውም ደብዳቤ ሲደርስ ቀኑም ሰዓቱም በሁለቱ አቆጣጠር ተጽፎ ለፖሊስ፣ ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ስህተት ሁሉም በአንድነት እንደሚደርሱ መገመት ነው። በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ብርቱው ብስክሌተኛ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢወጣ ደካማው 6 ላይወጣ ይችላል፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል የሰዓታት ልዩነት የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። የፊተኞቹ በእልልታ ገብተው ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ፣ ወገቧን ይዛ ብቻዋን የምትገባውን ሴት የሚቀበላት ሰው ሳይኖር ሲቀር ማየት ልብ ይሰብራል። ከአስተባባሪው የተሳታፊዎቹን ቁጥር ወስዳችሁ የሚገባውን ሁሉ መዝግቡ፤ የመጨረሻው ሰው እስኪደርስም ውኃ፣ ወንበርና ጥቂት የሚያጨበጭቡ ሰዎች ከቦታቸው አይነሡ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳዝነኝ ልምጣ። ብስክሌተኛው ከኮርቻው ወርዶ እግሩ ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ በቀጥታ ወደ መድረኩ ተወስዶ እንዲቆም ይደረጋል። የክብር እንግዳው አልደረሱም ተብሎ ይጠበቃል። ከደረሱ በኋላ ደግሞ የወረዳው ተወካይ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የወጣት ማኅበሩ ሰብሳቢና የወጪው ደጋፊ በየተራ ይናገራሉ፤ እያንዳንዱ ንግግር ስለሚተረጎምም ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን እንግዶቹ በላብ የራሰ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ሳይጠጡና ሳይቀመጡ በነፋስ ውስጥ ቆመዋል። ለረጅም ሰዓት ሲሠራ የቆየ የእግር ጡንቻ ሥራውን በድንገት ሲያቆም ደም ወደ እግር ይጠራቀማል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውየውም ራሱን ሊስት ይችላል፤ እርጥብ ልብስ ላይ የሚነፍስ የደጋ ነፋስ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት በፍጥነት ይወስዳል። በአንድ ከተማ ለስጦታ የተዘጋጁ ጋቢዎች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሳለ፣ አንዲት ወጣት ከጠረጴዛው ፊት ቆማ በብርድ ስትንዘፈዘፍ አይቻለሁ። የስጦታው ተራ በመርሐ ግብሩ መጨረሻ ላይ ስለ ነበር አንዱን ጋቢ አንሥቶ ያለበሳት ሰው አልነበረም፤ ሁለተኛው ንግግር ሳያልቅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ጋቢውም፣ ወንበሩም፣ ሙቅ ሻዩም በአንድ ጊዜ መጣላት። ሁሉም ነገር እዚያው፣ ከአጠገቧ ነበር።

ይህን ስህተት የወጋችን አካል አድርጎ የሚከራከር ሰው አጋጥሞኛል፤ ወጋችን ግን እንዲህ አይደለም። አያቶቻችን መንገደኛ ሲመጣ ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ መጣ ከመጠየቃቸው በፊት የእግር ውኃ አቅርበው እግሩን ያጥቡት፣ መደብ ላይ አሳርፈው የሚቀመስ ይሰጡት ነበር፤ ጨዋታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በደረሱበት ቅጽበት የሚደረገው ጋቢ ማልበስ፣ የሚጠጣ መስጠት፣ ማስቀመጥ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ማሳየትና በበርሜል የሞቀ ውኃ ወዳለበት መታጠቢያ መውሰድ ብቻ ይሁን። ንግግሩ ሁሉም ታጥበው፣ ልብስ ለውጠውና በልተው ካበቁ በኋላ፣ በተቀመጡበት፣ ከትርጉሙ ጋር ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ ይከናወን። ባለሥልጣኑ ቢዘገዩ ሌላ ሰው ተተክቶ ይጀመር፤ ይህንንም ለጽሕፈት ቤታቸው በአክብሮት አስቀድሞ ማስታወቅ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኃላፊነት ነው።

በምግብ በኩል የሚታየው ስህተት ከደግነት የሚመነጭ ነው። በሬ ታርዶ ጥሬ ሥጋ፣ ቅቤ የበዛበት ክትፎና ጠጅ ይቀርባል፤ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ሲቀምስ የዋለ ሆድ ግን ይህን አይችልም፤ መጠጡም ውኃ ያጣውን ሰውነት የባሰ ያደርቀዋል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚያስፈልገው ቶሎ ኃይል የሚሰጥ ነገር ነው፤ ለዚህም በስኳርና በትንሽ ጨው የተበጠበጠ በሶ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ዳቦ በማር ከማንኛውም ውድ ምግብ ይበልጣሉ። ማታ በርበሬው የቀነሰ ሽሮ፣ አልጫና ፓስታ በበቂ መጠን ይቅረብ። ሥጋ የማይበሉ እንግዶች ብዙ ጊዜ ስለማይጠፉ የጾም ወጥ በማንኛውም ቀን መኖር አለበት።

ውኃው የታሸገ ካልሆነ መፍላት አለበት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ ደጀንና ደብረ ማርቆስን ጨምሮ፣ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ሲንፈቀፈቅ መቆየት ይኖርበታል። ብዙ ላብ ላፈሰሰ ሰው ውኃ ብቻውን ደጋግሞ ማጠጣትም አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው እየቀጠነ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ያመጣል። «ለምለም» የምንለውን የጨውና የስኳር ዱቄት ከጤና ጣቢያው ወስዶ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን መበጥበጥ ቀላል መፍትሔ ነው።

ቄጠማ በአስፋልት ላይ አይጎዝጎዝ። የረገፈ እርጥብ ሣር ለቀጭን ጎማ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ድንኳኑና አዳራሹ ይበቃዋል። ፈረሰኞች የሚያጅቡ ከሆነ፣ በተለይ እንደ እንጅባራ ባሉ ፈረስ የክብር መለያ በሆነባቸው አካባቢዎች፣ ከብስክሌቶቹ ራቅ ብለው ከፊት ይሂዱ እንጂ ጎን ለጎን አይጋልቡ፤ የደነበረ ፈረስ ለፈረሰኛውም ለብስክሌተኛውም አደጋ ነው። በገበያ ቀን አቀባበል አይዘጋጅ። የድልድዩ ጥበቃዎችና የመንገዱ ፖሊሶች ቀድመው ካላወቁና የመንገዱ ጸጥታ ካልተረጋገጠ ጉዞው ራሱ ይቅር።

ስለ ልጆቻችን ዝም ማለት አልችልም። ብስክሌተኞች በአገራችን መንገዶች ላይ ድንጋይ እንደሚወረወርባቸው፣ ጅራፍ እንደሚጮህባቸውና ዱላ ወደ ራጂው (ወደ ጎማው ሽቦዎች) እንደሚሰነዘር በየአገሩ ሲናገሩ ይሰማል፤ ይህ ሐሰት አይደለም፤ የሚያሳፍረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ልጆች ላይ ፖሊስ ማሰማራትንና በአለንጋ ማባረርን እንደ መፍትሔ የሚቆጥር ኮሚቴ ነገሩን ያባብሰዋል፤ የተባረረ ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ይጠብቃል። አንድ መምህር ከጉዞው አንድ ሳምንት አስቀድሞ ለተማሪዎቹ እንግዶቹ ለማን ገንዘብ እንደሚያሰባስቡ፣ ዳገቱ እንዴት እንደሚያደክም፣ ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ ሲያስተምር ተመልክቻለሁ። ከብት ጠባቂዎቹንም አልረሳም፤ የሚያልፉትን ብስክሌቶች ቆጥረው ማታ እንዲነግሩት አደራ ሰጣቸው። በዚያ መንገድ አንድም ድንጋይ አልተወረወረም። ልጆቹ ከቦዩ ማዶ፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ ከታላላቆች ጋር ይቁሙ። እንግዶቹም እስክሪብቶና ከረሜላ ከብስክሌት ላይ እንዳይበትኑ በግልጽ ይነገራቸው፤ አንድ ከረሜላ ለማንሣት ሕፃን ከአይሱዙ ፊት ዘሎ ይገባል። የሚሰጡት ካላቸው ለርዕሰ መምህሩ ያስረክቡ።

ብስክሌቶቹ በተቆለፈ ክፍል ይደሩ፤ ማንም «ልሞክራት» ብሎ አይንዳቸው። ከጎሃ ጽዮን ወርደው ድልድዩ አጠገብ ለሚያርፉት ውኃ የሚያቀብሉ ወጣቶች የፍሬኑን ዲስክ በእጃቸው እንዳይነኩ ይነገራቸው፤ ከረጅሙ ቁልቁለት በኋላ ቆዳ ያቃጥላል። የከተማው ጎሚስታ በዚያ ቀን ሱቁን እንዳይዘጋ መለመንም ጥሩ ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት ትዕግሥቴ አጭር ነው። ጉዞው የተነሣው ለታካሚ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለውኃ ጉድጓድ ከሆነ፣ ለባነር፣ ለቲሸርትና ለግብዣ የወጣው ከተሰበሰበው መብለጥ የለበትም። በመድረክ ላይ ቃል የተገባ ገንዘብ ስሙና መጠኑ ተጽፎ እዚያው ካልተፈረመበት አብዛኛው ሳይገባ ይቀራል። የሚዋጣው ሁሉ በበጎ አድራጎት ድርጅቱ ሕጋዊ ደረሰኝ ወይም በቀጥታ በባንክ ሂሳቡ ይግባ፤ በጥሬ ገንዘብ የመጣ ቢኖር ሦስት ሰዎች በጋራ ቆጥረው ይፈርሙበት። ድጋፉ የሚደረግላቸውን ሕሙማን ወይም ወላጅ አልባ ሕፃናት አሰልፎ ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ማስነሣት ደግሞ በፍጹም አይደረግ፤ የሰው ችግር ለአቀባበል ማድመቂያ አይሆንም።

የመጨረሻው ስህተት በሽኝቱ ላይ ይፈጸማል። እስከ እኩለ ሌሊት በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ የተረበሸ እንግዳ ማለዳ ሲነሣ፣ ቁርሱ አልደረሰም፣ የሚሸኘው ባለሥልጣን አልመጣም እየተባለ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያም ቀዝቃዛውን የጠዋት ሰዓት አጥቶ በቀትር ፀሐይ ይጓዛል። ከደጀን ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ገንፎው ወይም ቂንጬው ከንጋቱ 11 ሰዓት ይዘጋጅ፤ 12 ሰዓት ላይም በአጭር ምርቃት ይሸኙ። የመጨረሻው ብስክሌት ከከተማው እንደ ወጣም ከኮሚቴው አንድ ሰው ለቀጣዩ ከተማ ደውሎ ስንት ሰው እንደ ተነሣ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ሥጋ እንደማይበላና ለየትኛው ብስክሌት ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) መፈለግ እንዳለበት ይንገር።