«ጋሼ፣ መልሱ ለሕፃናቱ ይሁን?» ስትባሉ ምን ትላላችሁ?

ደሴ ፒያሳ ወይ ኮምቦልቻ አንዱ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ዘይት፣ ፓስታና ሳሙና ይዛችሁ ካሸሯ ጋ ደርሳችኋል እንበል። ሒሳቡ 743 ብር መጣ። 750 ሰጣችሁ። ልጅቷ እጇን ወደ መሳቢያው ልካ መልሱን ሳታወጣ ቀና ትልና «ጋሼ፣ ሰባቷ ብር ለሕፃናቱ ትሁን?» ትላለች። ከኋላ ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ ላይ ደግሞ በቅሬ (በእድር) የሚያውቃችሁ ሰውዬ አለ። አሁን ምን ይባላል?

አብዛኛው ሰው «ይሁን» ይላል። ለሰባት ብር ማን አፉን ያበላሻል? ጥያቄው እዚያ ቦታ ላይ የመጣውም እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ቦርሳ ተከፍቷል፣ ብሩ እጅ ላይ ነው፣ ሰው ያያል። ይህን ስል ተንኮል ነው እያልኩ አይደለም፤ ሙዳየ ምጽዋትም የሚቀመጠው ሰው በሚያልፍበት በር ላይ ነው፣ ጁምዓ ከሶላት ሲወጣም መዋጮ የሚጠየቀው በር ላይ ነው። ግን እዚያ ስንሄድ ለመስጠት አስበን፣ ኒያችንን (የልባችንን ሐሳብ) አስተካክለን ነው። ሱቅ የገባነው ለዘይት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ካሸሯ ጋ ሳይሆን ቤት ነው የሚሠራው። በወር ለማን ለማን እንደምትሰጡ አስቡት። ለቅሬው፣ ገጠር ላሉት ቤተሰብ፣ ለሰደቃ ወይ ለስለት፣ ሰፈር ላለች አንዲት አቅመ ደካማ። ይኼ ከታወቀ በኋላ የሱቁን ነገር በአንድ ሐሳብ ጨርሱት፤ ወይ «ሱቅ ላይ አልሰጥም» ወይ «ከ10 ብር ካልበለጠ ይሁን»። ሁለቱም ነውር የለባቸውም። ነውሩ ሳያስቡ አንዴ መስጠት አንዴ መቆጣት ነው፤ ያኔ ነው ሰው በሰባት ብር ከልጅቷ ጋር ተጣልቶ የሚወጣው።

እምቢ ማለት ለኛ ከባድ ነው፣ እውነቱን እናውራ። ወሎ ውስጥ «በሞቴ» ከተባለ አለቀ፣ የጠገበ ሰው እንኳ ይጎርሳል። ካሸሯ ግን «በሞቴ» አላለችም። የታዘዘችውን ነው የጠየቀችው፣ ምናልባት በቀን ሁለት መቶ ሰው ትጠይቃለች፣ እናንተ ከሱቁ ሳትወጡ ፊታችሁን ትረሳዋለች። «ለዛሬ ይለፈኝ እህቴ፣ አላህ ያግራላችሁ» በቂ ነው። «ዛሬ አልተመቸኝም፣ እግዜር ያሳካላችሁ» ቢባልም ያው ነው። ከዚያ ዝም። ለቅሬ መክፈላችሁን፣ ለወንድማችሁ መላካችሁን፣ ኑሮ መወደዱን መዘርዘር ውስጥ አትግቡ፤ ልጅቷ ሒሳባችሁን አልመረመረችም፣ ከኋላ ያለውም ሰው ቆሞ ነው። ደግሞ አደራ፣ ለለማኝ እንደሚባለው «እግዜር ይስጥሽ» ብላችሁ አትለፏት። እሷ አልለመነችም፣ ሥራ ላይ ናት። «ባለቤቱ ሀብታም ነው፣ እሱ ለምን አይሰጥም?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለባለቤቱ ከሆነ።

አሁን «ይሁን» ለምትሉት። እዚህ ላይ ነው ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልገው።

ዝም ብላችሁ መልሱን አትተዉ፤ ካሸሯ አጠገብ የመዋጮ ሳጥን ይኖራል። «መልሴን ስጪኝና እኔው ሳጥኑ ውስጥ ልክተታት» በሉ። ለምን መሰላችሁ? ከማሽኑ የሚወጣው ደረሰኝ የገዛችሁትን ዕቃ ነው የሚያሳየው፣ 743 ብር። 750 ሰጥታችሁ ከሄዳችሁ ሰባቷ ብር ወረቀት የላትም። ሳጥን ከገባች ቢያንስ ሳጥኑ ቁልፍ አለው፤ መሳቢያ ውስጥ ከቀረች ግን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ከሽያጩ ብር ጋር ትቀላቀላለች፣ ማንም ሌባ ባይሆን እንኳ የማን እንደሆነች አይታወቅም። ይህን ስትጠይቁ ፊቷ የሚጠቁር ካሸር ብዙም አታጋጥማችሁም። እንዲያውም ደስ የሚላት ትበዛለች፣ ከሐሜት ትድናለችና።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። «ዝርዝር የለም፣ ለበጎ አድራጎት እናድርገው?» የሚሉት። ዱሮ ዝርዝር ሲጠፋ ማስቲካ ወይ ከረሜላ ነበር የሚሰጡን፣ እሱም ያናድዳል፣ ግን ቢያንስ ይታኘካል። ዝርዝር ማዘጋጀት የሱቁ ሥራ ነው። የሱቁን ጉድለት በእናንተ ሰደቃ መሸፈን ሰደቃ አይባልም። ሸሁን ብትጠይቁ ኒያው የታለ ይሏችኋል፣ ቄሱን ብትጠይቁ በደስታ ያልሰጡት ምን ይረባል ይሏችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቴሌብር ወይ በባንክ መተግበሪያ 743 ብሯን ልክ በልኩ መክፈል። መልስም የለ፣ ጥያቄም የለ።

ከዚያ ሳጥኑን አንብቡት። ካሸሯን አይደለም የምንመረምረው፣ ሳጥኑን ነው።

እኛ አገር ካሸር አጠገብ የሚቀመጠው ሳጥን ብዙ ዓይነት ነው። በብዛት የሚታየው የሕመምተኛ ነው፤ ኩላሊት፣ ልብ፣ ካንሰር፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከም አለበት የተባለ ሰው። ከፎቶው ሥር ስም፣ ስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ጥሩ ሳጥን የሕክምና ማስረጃውን ቅጂና የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አብሮ ይለጥፋል፣ ማኅተሙም ይነበባል። ሒሳቡ ቢቻል በአንድ ሰው ሳይሆን በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ወረቀቱ ከሌለ ጥርጣሬ ውስጥ ገብታችሁ አትጣሉ፤ ስልክ አውጡና የሒሳብ ቁጥሩን የባንኩ መተግበሪያ ላይ አስገቡት። ከማረጋገጣችሁ በፊት የባለ ሒሳቡን ስም ያሳያችኋል። ቴሌብርም እንዲሁ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስምና ስልኩ ላይ የወጣው ስም ካልተገናኙ ጠይቁ። አንዳንዴ የአባት ወይ የእህት ሒሳብ ነው፣ ችግር የለውም፣ ግን ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ብሩን ከሳጥኑ ይልቅ በቀጥታ ወደዚያ ሒሳብ መላክ ደግሞ ሁልጊዜም ይሻላል፤ ማስረጃው ስልካችሁ ላይ ይቀራል።

የመስጂድና የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ከሆነ ካርኒ ጠይቁ። ማኅተም ያለው ካርኒ የሌለው ኮሚቴ ብዙም አይታመንም። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ለመስጂድ፣ ሙስሊሙ ለቤተ ክርስቲያን ያዋጣል፣ ይህ ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ይኼን መልካምነት የሚነግድበት ሰው እንዳለ ግን አትርሱ። ኮሚቴው የትኛው ሰፈር ነው? ሊቀ መንበሩን ማን ያውቃቸዋል? ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ሁለት ሰው ከጠየቃችሁ ሦስተኛው ዘመድ ሆኖ ይገኛል።

ድርጅት ከሆነ ነገሩ በሕግ ነው። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሚመዘግባቸው አሉ፣ በክልል የተመዘገቡም አሉ፤ የምዝገባ ወረቀታቸውን ቅጂ አሳዩኝ ማለት ድፍረት አይደለም። ያው አዋጅ ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ «ከዚህ ብር ስንቱ ነው ሰዎቹ ጋ የሚደርሰው?» የሚለው ጥያቄ ሕግ ያለው ጥያቄ ነው። ካሸሯ ላታውቅ ትችላለች። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስልክ ግን የሚነሣ ስልክ መሆን አለበት። ደውላችሁ ማንም ካላነሳ ብራችሁን ያዙ።

ለተፈናቃይ ተብሎ የሚሰበሰብ ሲሆን ደግሞ የት እንዳሉ ይጠየቅ። «ለተፈናቃዮች» ብቻ አይበቃም። ተሁለደሬ ጃሪ ላሉት ከሆነ ይጻፍ፣ ሌላ ቦታም ከሆነ ይጻፍ፣ የሚረከበው ማን እንደሆነም አብሮ።

ፎቶውን በተመለከተ ትንሽ ልራዘም፣ ምክንያቱም የኛ ጉዳይ ነው። ወሎ በ1966 ተርቧል፣ በ1977ም ተርቧል። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በጥቅምት 1977 በቢቢሲ ታየች፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተዘፈነ፣ ዓለም ብር አዋጣ። ብሩ ሕይወት አድኗል፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን የዚያ ሁሉ ሕፃንና እናት ፊት ዓለምን ሲዞር ስማቸውን ማን ጠየቀ? ፎቶው ይውጣ አይውጣ ብሎ ማን አማከራቸው? ይኼንን የምናውቅ ሰዎች ዛሬ ደሴ ውስጥ የራሳችንን ጎረቤት ልጅ ራቁቱን፣ ቱቦ ተሰክቶበት ፎቶ አንሥተን ከብስኩት አጠገብ መለጠፍ የለብንም። የልጅ ፊት በጉልህ የሚታይበት ሳጥን ካያችሁ ባለሱቁን ለብቻው ጠርታችሁ «ቤተሰቡ ፈቅዷል?» በሉት። ልጁ ድኖ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ፎቶ ይከተለዋል። እኔ በበኩሌ የሆስፒታሉ ወረቀት ጎልቶ፣ ፊቱ ቀንሶ ለሚታይበት ሳጥን ነው እጄ ቶሎ የሚፈታው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የሚጠይቃችሁ ካርድ የምታስገቡበት ማሽን ነው፤ ሒሳቡን ወደ ሙሉ ዶላር ላሙላው ይላል፣ ሁለት ቁልፍ ያወጣል። ሳንቲሟ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ 77 የካሸር ላይ ዘመቻዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ749 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል። «በኛ ብር ግብራቸውን ሊቀንሱ ነው» የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። ሱቁ ያንን ገንዘብ ተቀብሎ አሳላፊ ነው፤ ገቢውም ስላልሆነ የራሱ ልገሳ አድርጎ ከግብሩ ሊያስቀንሰው አይችልም። ስጦታው በስማችሁ ነው፣ ደረሰኙን ያዙት። ቅር የምትሰኙበት ነገር ካለ ሌላ ነው፤ ስሙን ሱቁ ይወስደዋል።

ይኼ የስም ነገር እኛም ጋ አለ። እኛ አገር በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ነጋዴ ለበጎ አድራጎት የሰጠውን እስከ 10 በመቶ ጣሪያ ድረስ በወጪ እንዲይዝ ፈቅዷል፣ እሱ ግን ከራሱ ኪስ የሰጠው ሲሆን ነው። የደንበኛ ሰባት ሰባት ብር ተጠራቅሞ «ድርጅታችን ለገሰ» የሚል ባነር ሲሰቀል ካያችሁ ዝም አትበሉ። «ከደንበኞቻችን ጋር» የምትል ቃል ብትጨመር ምን ታስከፍላለች?

እስካሁን ለገዢ ነው ያወራሁት። ባለሱቅ ከሆናችሁ ለእናንተም አለኝ።

ሳጥኑን አንድ አድርጉት። ሦስት ሳጥን ደርድራችሁ ሰው እንዲመርጥ አታስጨንቁ፤ በወር ለአንድ ጉዳይ ይበቃል። ሳጥኑ ውስጡ የሚታይ ይሁን፣ ቁልፉ ሱቁ ጋ አይቀመጥ፣ ለቅሬው ዳኛ ወይ ለሌላ የታመነ ሰው ስጡት። ሲከፈት እናንተ፣ የሕመምተኛው ቤተሰብና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ባሉበት ይቆጠር፣ ስንት እንደወጣና መቼ ባንክ እንደገባ በወረቀት ጽፋችሁ እዚያው ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ያቺ ወረቀት ከየትኛውም ልመና በላይ ብር ትሰበስባለች። ካሸሯን ደግሞ «ዛሬ ስንት ሰበሰብሽ?» ብላችሁ አታስጨንቋት፣ እሷ ስትጨነቅ ደንበኛውን ታስጨንቃለች፣ ደንበኛው ዞሮ ሌላ ሱቅ ይገባል። መጠየቅ ካለባት አንዴ ትጠይቅ፣ «አይ» ከተባለች «ችግር የለም» ትበልና መልሱን ትቁጠር። ረመዳን ላይና በጾም ወራት ሰው እጁ ይፈታል፤ ያኔ ሳጥን ማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ግን ያን ያህል አያስፈልግም።

ቀኑንም ጻፉበት። የተጀመረበትና የሚያበቃበት። ከተማው ውስጥ ሕመምተኛው ድኖ ሥራ ከገባ ወይም ነፍሱን ይማረውና ካረፈ በኋላ ወራት የቆየ፣ አቧራ የለበሰ ሳጥን አይጠፋም፤ ቤተሰቡ ያፍርበታል፣ ሰው ደግሞ ቀጣዩን ሳጥን አያምንም። ቀኑ ሲደርስ አንሡት። የተረፈ ብር ካለ ለቤተሰቡ አሳውቃችሁ፣ እነሱ ከፈቀዱ ለሌላ ሕመምተኛ በስሙ ይተላለፍ፣ ይኼም በወረቀት ይለጠፍ፣ ሳምንት ያህል ይቆይ።