ኢሜይሉ፣ ስልኩና ሊንክድኢኑ ሳይተዋወቁ ሲቀሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ለድርጅቶች የሚሸጥ ቡድን አዲስ ደንበኛ ሲፈልግ ኢሜይል ይልካል፣ ይደውላል፣ ሊንክድኢን ላይም ይጽፋል። ለእኛ ሦስት መንገድ ነው። ለተቀባዩ ግን የሚያናግረው አንድ ድርጅት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

"ትናንት ለባልደረባህ መልሼለት ነበር እኮ"

ደውሎ ይህን የሰማ የሽያጭ ሠራተኛ የሚለው ይጠፋዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መልሱ የአንዱ ሰው ኢሜይል ውስጥ ቀርቷል፤ ደዋዩ የያዘው ደግሞ ከሳምንት በፊት የወረደ የኤክሴል ዝርዝር ነው።

መፍትሄው አንድ መዝገብ ነው። ሲአርኤም (የደንበኞችን መረጃና ግንኙነት የሚይዝ ሶፍትዌር) ካላችሁ እሰየው፤ ከሌለ ሁሉም የሚያየው አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አራት ነገር ይኑር፦ ማን ይዞታል፣ በመጨረሻ በምን አገኘነው፣ መቼ፣ ምን አለ። ከዚያ አንድ ጥብቅ ደንብ አውጡ፦ በየትኛውም መንገድ መልስ ከመጣ፣ በሌሎቹ መንገዶች በራሱ የሚላከው ሁሉ ወዲያው ይቁም።

እዚህ ላይ ብዙ ቡድን ይሳሳታል። የመላኪያ ሶፍትዌሩ ለኢሜይል መልስ ሲመጣ ራሱ ሊያቆም ይችላል። ሰውየው በስልክ "አልፈልግም" ማለቱን ግን ካልነገሩት አያውቅም። ስለዚህ ደዋዩ ስልኩን እንደዘጋ ውጤቱን ይመዝግብ። ማታ አንድ ላይ እመዘግባለሁ ካለ፣ ከሰዓት በኋላ የክትትል መልእክቱ (ፎሎው አፑ) ሄዷል። አልፈልግም ያለን ሰው በሌላ በር መጎትጎት ደግሞ ነውር ነው፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ድርድር አላውቅም።

አንድ ድርጅት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ዋጋ ሰሙ

አንዱ ሻጭ ለፋይናንስ ኃላፊው፣ ሌላው ለግዥ ኃላፊው ጽፏል። ሥራው የተከፋፈለው በሰው ስም እንጂ በድርጅት አይደለም ማለት ነው። አንድ ድርጅት አንድ ባለቤት ይኑረው። የድርጅት ስም በተለያየ አጻጻፍ ስለሚመዘገብ፣ ድግግሞሽ ስትፈልጉ በኢሜይል አድራሻው ዶሜይን (ከ@ ምልክት በኋላ ባለው ክፍል) አመሳክሩ።

ኢሜይሉ ድንገት ጭጭ አለ፣ ስልኩና ሊንክድኢኑ ግን እንደወትሮው ነው

ሦስቱም አብረው ጸጥ ካሉ መልእክቱን ወይም ዝርዝሩን ጠርጥሩ። ኢሜይሉ ብቻ ከሆነ ግን ስፓም (የማይፈለጉ መልእክቶች ማጠራቀሚያ) ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጂሜይል ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ አድራሻዎቹ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልኩትን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ (ኢሜይሉ በእርግጥ ከዶሜይኑ ባለቤት መምጣቱን ለማረጋገጥ የሚያገለግሉ ቅንብሮች) እንዲያሟሉ፣ የስፓም አቤቱታቸውም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ጥቂት የምትልኩ ብትሆኑም ሦስቱን አሟሉ።

አዲስ የመላኪያ መሣሪያ በቅርቡ ጨምራችሁ ከሆነ መጀመሪያ ኤስፒኤፉን (በዶሜይናችሁ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር) እዩ። ለአንድ ዶሜይን የሚፈቀደው አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ብቻ ነው። ሁለተኛ ከጨመራችሁ ማረጋገጫው በስህተት ይወድቃል። ሁለቱን ወደ አንድ አዋህዷቸው።

"ተዉኝ በቃ" የሚል መልስ በዛ

ብዙውን ጊዜ ሦስቱም መንገዶች በአንድ ቀን ተተኩሰዋል፣ ያውም ያንኑ ቃል ይዘው። ቀን አራርቁ፦ ሰኞ ኢሜይል፣ ረቡዕ ስልክ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሊንክድኢን። እያንዳንዱም አዲስ ነገር ይዞ ይምጣ። "ኢሜይሌ ደርሶዎታል?" ብሎ መደወል ምንም አይጨምርም። ኢሜይሉ ውስጥ ካነሳችሁት ጉዳይ አንዷን ነጥብ ይዛችሁ ጥያቄ ጠይቁ።

ቀጠሮው ሁሉ ከስልክ የመጣ ይመስላል

ሪፖርቱ የሚቆጥረው የመጨረሻውን ግንኙነት ብቻ ስለሆነ ነው። የኢሜይሉን በጀት ከመቁረጣችሁ በፊት የቅርብ ጊዜ ሃያ ቀጠሮዎችን አንሡና ከእያንዳንዱ በፊት የነበረውን ግንኙነት በቅደም ተከተል አንብቡ። ደንበኛውንም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስለ እናንተ በመጀመሪያ እንዴት እንዳወቀ ጠይቁት፤ የሚለውን እዚያው መዝገብ ላይ ጻፉት።