የደጋ አጋዘንን በዲንሾ ጫካ ውስጥ እንዴት ማየት ይቻላል

አሥር ሳንቲም በመሳቢያው ውስጥ የቀረችው አንባቢ ቢኖር ያውጣትና ከአንበሳው ራስ በስተጀርባ ያለውን ሥዕል ይመልከት። ቀንዱ የተጠማዘዘው ያ እንስሳ የደጋ አጋዘን፣ በሌላ ስሙ ኒያላ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋዎች፣ በተለይም ከባሌና ከአርሲ፣ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ሥዕሉን በእጃችን ስናገላብጥ ያደግን ሰዎች ግን እንስሳውን ራሱን ቆሞ ያየነው ጥቂቶች ነን። ምክንያቱ የቦታው ርቀት ብቻ አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እስካለበት እስከ ዲንሾ ድረስ ሄደው፣ ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ውለው፣ የአካባቢውን ከብት ብቻ አይተው የተመለሱ መንገደኞች አሉ። በመጀመሪያው ጉዞዬ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ፤ ቁርሴን ተረጋግቼ በልቼ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ወደ ጫካው ገባሁ፣ እስከ 9 ሰዓት ተመላለስኩ፣ ያገኘሁትም ዱካና በጠጥ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእንስሳው አልነበረም። አጋዘን እየዞሩ የሚያገኙት ሳይሆን ሰዓቱን አውቀው፣ ቦታ ይዘው፣ ተቀምጠው በዓይን የሚፈልጉት እንስሳ ነው።

የሚፈልጉትን መልክ አስቀድሞ መለየት

አጋዘን የሚለው ስም በአማርኛ ለብዙ እንስሳት ያገለግላል። በቆላ የሚኖረውን ትልቅ ባለ ጥምዝ ቀንድ እንስሳም፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ደኖች ያለውን ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከፋፈለውንም በዚሁ ስም እንጠራለን። የፈረንጆቹ አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ የደጋ አጋዘን ግን እንደ በሬና እንደ ፍየል አንዱን ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ በዲንሾ ጫካ ውስጥ ወድቆ የተገኘ ቀንድ ባለቤቱ የሞተበት ቀንድ ነው፤ ካለበትም አይነሣም።

የደረሰ ወንድ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ቀንዱም ከ1 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ጠጉሩ ግራጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ሲሆን፣ በአንገቱና በጀርባው ላይ ጋማ አለው፤ በዓይኖቹ መካከል ነጭ መስመር፣ በጉሮሮውና በደረቱ ላይ ነጭ ምልክት፣ በጎኑም ላይ ደብዘዝ ያሉ ጥቂት ነጭ ሰንበሮችና ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሴቷ አነስ ያለች ናት፤ ቀንድም የላትም። እንዲህ ያለ ግዙፍ እንስሳ በሳይንስ መዝገብ ስም ያገኘው በ1910 እ.ኤ.አ. መሆኑ ምን ያህል መሰወር እንደሚችል ያሳያል፤ በእርግጥ የአገሩ ገበሬ ማንም ሳይነግረው ሲያውቀው ኖሯል።

በዚያው አካባቢ ሁለት እንስሳት ያሳስታሉ። የምኒልክ ድኩላ ከአጋዘን እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ወንዱ ወደ ጥቁርነት ያደላል። ቦሆር ደግሞ በሣሩ ሜዳ የሚታይ፣ መልኩ ፈካ ያለ፣ የወንዱ ቀንድ ወደ ፊት ቆልመም ያለ እንስሳ ነው።

ወቅቱና ሰዓቱ

ለጉዞው የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት ነው። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በእነዚህ ወራት ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ንጋት ላይ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ አንድ ቀን ቀድመው ይጨርሱና እዚያው ዲንሾ ወይም በቅርቡ ባለችው ሮቤ ይደሩ። የመግቢያ ክፍያውንና የአስጎብኚውን ጉዳይም በዚያው ዕለት ማታ ይጨርሱ፤ በማግስቱ ጠዋት ደረሰኝ ሲያስቆርጡ የሚያባክኑት ግማሽ ሰዓት ከሁሉም የሚበልጠው ግማሽ ሰዓት ነውና።

ወደ ጫካው የሚገባው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ አጋዘኖቹ ወደ ገላጣው ወጥተው ይበላሉ፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ወደ ጽድና ወደ ኮሶ ዛፎች ጥላ ገብተው ያመሰኳሉ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣሉ። እኩለ ቀን ላይ መዞር እግርን ከማድከም በቀር የሚያስገኘው ጥቂት ነው። ልብሱ ሞቃት፣ መልኩም እንደ ቅጠል ወይም እንደ አፈር የደበዘዘ ይሁን፤ ሲንቀሳቀሱ የሚንኮሻኮሽ የላስቲክ ጃኬት ግን ምንም ያህል ቢያሞቅ በቤት ይቅር።

ነፋሱን ማንበብ

ብዙ ሰው ስለ ድምፅ ይጨነቃል፤ አጋዘንን ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽታ ነው። ወደ ቦታዎ ከመሄድዎ በፊት ጥቂት ደረቅ ሣር ነጭተው ከትከሻዎ ከፍታ ይልቀቁት። ሣሩ ወደ ፊትዎ፣ ሊሄዱበት ወዳሰቡት አቅጣጫ ከበረረ ሽታዎ ቀድሞዎት እየሄደ ነውና ዞረው በሌላ በኩል ይግቡ። ነፋሱ ፊትዎን እየመታ መሆን አለበት።

በተራራ ላይ ነፋስ የራሱ ልማድ አለው። ፀሐይ ገደሉን ሳታሞቀው በፊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። እንግዲህ ንጋት ላይ ከእንስሳው በታች፣ ረፈድ ሲል ከእንስሳው በላይ መሆን ይሻላል ማለት ነው። ይህን የነገረኝ አስጎብኚ ራሱ ጋቢውን ተከናንቦ ዘወትር ከቁልቁለቱ ግርጌ ጀምሮ ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ብርድ የሚሸሽ መስሎኝ ነበር።

ሙሉ እንስሳ አለመፈለግ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከዋናው ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያለው፣ በአጥር የተከለለው ጫካ ሰፊ አይደለም፤ ቢሆንም ጽዱ፣ ኮሶው፣ አምጃው የሚባለው ዛፍና ከሥሩ ያለው ጭቁኝ የሚባለው ቁጥቋጦ ተደራርበው ዓይንን ይጋርዳሉ። በዚህ መካከል በሥዕል እንደምናውቀው ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚታይ አጋዘን ፍለጋ የሚያማትር ሰው አሥር እርምጃ ላይ የቆመውን ያልፈዋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ኮሶ ይምረጡና ጀርባዎን ሰጥተውት ይቀመጡ፤ የዛፉ ግንድ የሰውነትዎን ቅርጽ ይሰውርልዎታል። ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይነሡ ይቆዩ።

ከዚያ የሚፈልጉት ቁርጥራጭ ነገር ነው። በጫካ ውስጥ አብዛኛው ነገር ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ አግድም የተዘረጋ መስመር ካዩ ይጠርጥሩ፤ ጀርባ ሊሆን ይችላል። በጥላ ውስጥ የበራ ነጭ ነጠብጣብ ጉሮሮ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ሳይኖር ለብቻዋ የምትንቀሳቀስ ቅጠል ብዙ ጊዜ ጆሮ ናት። አንድ ንጋት ከፊቴ ያለውን አምጃ ሩብ ሰዓት ያህል ስመለከት ቆይቼ፣ ከሁለት ደረቅ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍ ጫፎቹ የዝሆን ጥርስ መሰሉ፤ ቅርንጫፎቹ ቀስ ብለው ወደ ግራ ሲዞሩ ብቻ ነበር ከሥራቸው ዓይን፣ ከዓይኑም በላይ ነጩ መስመር የታየኝ። ወንዱ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ እዚያው ቆሞ ነበር።

ባይኖኩላር ካለዎት 8 ጊዜ የሚያቀርበው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በጫካ ውስጥ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሥዕሉን ያተራምሰዋል። አስቀድመው በባዶ ዓይን ሁሉንም ቃኝተው የተጠራጠሩትን ብቻ በመነጽር ይዩ።

ምንም ካልታየ ምልክቱን መሬት ላይ ይፈልጉ። ከብት በአካባቢው ስለሚሰማራ የኮቴ ዱካ ብቻውን አያስተማምንም፤ የላም ኮቴ ሰፋና ክብ ሲል የአጋዘኑ ጠበብና ሾል ይላል። እበትና በጠጥ ግን አይምታቱም፤ የአጋዘን በጠጥ እንደ ፍየል ፍሬ ፍሬ ሆኖ ከእርሱ ይተልቃል። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ከሆነ እንስሳው ሩቅ አይደለም። ቅጠሉ ረግፎ፣ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ጭቃ የተለጠፈበት ቁጥቋጦም ወንዱ ቀንዱን ሲያሽበት እንደነበረ ይናገራል።

ከታየ በኋላ

የዲንሾ አጋዘኖች ከሌላው ስፍራ ይልቅ ሰው የለመዱ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ በፓርኩ ውስጥ ብዙ አጋዘኖች ተገድለዋል፤ ጽሕፈት ቤቱ ያለበት ጫካም ለተረፉት መጠጊያ ሆኗቸው ቆይቷል። ይህ ልምድ ግን መዳፈርን አይፈቅድም። በመካከላችሁ ያለው ርቀት ከ50 ሜትር እንዳያንስ፤ ራሱ ወደ እርስዎ ከመጣ ደግሞ ተቀምጠው ይቆዩ። ጆሮውን ወደ እርስዎ ቀጥ አድርጎ መብላቱን ካቆመ አይተዎታልና ዓይንዎን ወደ መሬት ይመልሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይግጣል። እንደ ውሻ ጩኸት ያለ አጭር ድምፅ ካሰማ ግን ሌሎቹን እያስጠነቀቀ ስለሆነ የዚያ ቦታ ነገር አብቅቷል።

ሁለት ወንዶች ጋማቸውን አቁመው፣ ጅራታቸውን ከፍ አድርገው፣ እግራቸውን እየቆጠሩ ሲዟዟሩ ካገኙ ዕድለኛ ነዎት፤ ይህ ትርኢት ብዙ ጊዜ ቀንድ ሳይነካካ ያልቃል። ብቻውን የተኛ ግልገል ካዩ የተጣለ እንዳይመስልዎት። እናቲቱ ደብቃው ለምግብ ሄዳለችና ፎቶ እንኳ ሳያነሡ በመጡበት ይመለሱ፤ በዙሪያው የቀረ የሰው ሽታ ለጅብ መንገድ እንዳያሳይ ማን ያውቃል።

ጫካው ውስጥ ካልተሳካልዎት ጋይሳይ ይቀራል። ከአዳባ ወደ ዲንሾ የሚወስደው አስፋልት ይህን የሣር ሜዳ አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ መኪናውን ዳር አቁመው ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ሜዳውን ሳይሆን ሜዳው ከጭቁኙ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ይቃኙ። ሴቶቹ ከነግልገሎቻቸው በመንጋ ሆነው በዚያ በኩል ይወጣሉ፤ ከርከሮና ቦሆርም አብረዋቸው ይታያሉ። ከመኪናው አይውረዱ፤ የቆመ መኪና እምብዛም አያስደነግጣቸውም፣ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲወርድ ግን መንጋው በአንድ ጊዜ ጭቁኙ ውስጥ ይገባል።